መጠይቅ የሌለው ጥናት ጥናት ነው ወይ? ለአንድ አባት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ልጄ ስድስት ኪሎ በፊሎሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። አንድ የግዕዝ ገድል ይዛ፣ አምስት ስድስት ቅጂ ደርድራ፣ ፊደል ስትለቅም ነው የምትውለው። ‹ምርምር ላይ ነኝ› ትላለች። የወንድሜ ልጅ ደግሞ ሰንጋ ተራ ኮሜርስ ነው የሚማረው። እሱ መጠይቅ በትኖ፣ ሰብስቦ፣ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ በሦስት ወር ገላገለው። ባለፈው እሑድ ቤት መጥቶ ‹መጠይቅና ናሙና የሌለው ጥናት አያልፍም› አላት። እሷ ተናደደች፣ እኔም ሐሳብ ገባኝ። ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምርምር የሚባለው የቱ ነው? ልጄ ጊዜዋን እያባከነች ይሆን? አንድ አባት፣ ከአራዳ።»

ምላሽ፦

ጋሼ፣ አስቀድሜ ሐሳብዎን ላቅልልዎት። ልጅዎ ጊዜዋን እያባከነች አይደለም። የወንድምዎ ልጅም አልዋሸም። በራሱ ክፍል የተማረውን ነው የተናገረው። ጥፋቱ የአንዱን ክፍል ደንብ ለዩኒቨርሲቲው ሁሉ ማድረጉ ነው፤ እሱም የእሱ ብቻ ጥፋት አይደለም። የምርምር ዘዴ ስለማስተምር የተማሪዎች ፕሮፖዛል በእጄ ያልፋል። የታሪክ ተማሪ መጠይቅ ይዞ ይመጣል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ «የናሙና መጠን» የሚል ንዑስ ርዕስ ከፍቶ ከሥሩ ምን እንደሚጽፍ ይጨንቀዋል። «ታዲያ ለምን አስገባኸው?» ስለው «አምስቱ ምዕራፍ ውስጥ አለ» ይለኛል።

አምስቱ ምዕራፍ የሚባሉት መግቢያ፣ የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት፣ የጥናቱ ዘዴ፣ ውጤትና ትንተና፣ ማጠቃለያ ናቸው። ይህ ቅርጽ ለአንዳንድ ጥናት ልኩ ነው። ለሌላው ሲሆን ግን በግድ የተለበሰ የሰው ልብስ ይሆናል። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። መጀመሪያ ጥያቄው ይመጣል። ከዚያ ያን ጥያቄ ሊመልስ የሚችለው ማስረጃ የት እንዳለ ይታያል። ዘዴው የሚመረጠው ማስረጃው ያለበት ከታወቀ በኋላ ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ነገሩ ተገልብጦ ዘዴው ቀድሞ ተመርጦ ያድራል፣ ጥያቄ በኋላ ይፈለግለታል።

ከልጅዎ ሥራ ልጀምር። እርስዎን የሚያሳስብዎት እሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎት።

አንድ ገድል ከተደረሰ አምስት ስድስት መቶ ዓመት ሆኖት ይሆናል። ደራሲው በእጁ የጻፈው ብራና አብዛኛውን ጊዜ የለም። በእጃችን ያለው የቅጂ ቅጂ ነው። አንዱ ጎጃም ውስጥ ይኖራል፣ አንዱ ሸዋ፣ አንዱ ትግራይ፣ አንዱ ለንደን ወይም ፓሪስ። እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። አንዱ ላይ ያለው ዐረፍተ ነገር ሌላው ላይ የለም። የንጉሡ ስም ይለያያል። ተአምሩ አንዱ ላይ ሰባት፣ ሌላው ላይ ዘጠኝ ይሆናል። ታዲያ ደራሲው የጻፈው የትኛውን ነው? ይህን መቶ መምህራን ሰብስበው ቢጠይቁ የሚያገኙት መቶ አስተያየት ነው። መልሱ ያለው ብራናዎቹ ውስጥ ነው፤ ይልቁንም በስሕተታቸው ውስጥ።

ገልባጭ እንዲያው በዘፈቀደ አይሳሳትም። ሁለት መስመሮች በአንድ ቃል ሲያልቁ ዓይኑ ከላይኛው ወደ ታችኛው ይዘላል፤ በመካከል ያለው ይቀራል። ሌላ ሰው ከዳር የጻፈውን ማስታወሻ የጽሑፉ አካል መስሎት ወደ ውስጥ ያስገባል። ሀን በሐ፣ ሰን በሠ ይለውጣል። ከእነዚህ ውስጥ የፊደል መለዋወጡ ብዙም አይረዳም፤ ማንም ገልባጭ በራሱ ጊዜ ሊያደርገው ይችላል። የተዘለለ መስመር ግን ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ቅጂዎች አንድ ቦታ ላይ ያንኑ መስመር ከዘለሉ፣ ሁለቱ ሰዎች ለየብቻ ተሳስተው ተገጣጠሙ ማለት ይከብዳል። መስመሩ ከጎደለው ከአንድ ቀዳሚ ቅጂ ተገልብጠዋል ማለቱ ይቀልላል። እንዲህ ያሉ የጋራ ስሕተቶች ሲለቀሙ የቅጂዎቹ የትውልድ ሐረግ ይወጣል። ማን ከማን እንደተገለበጠ ይታያል።

ሐረጉ ከወጣ በኋላ ደግሞ የብዛት ነገር ዋጋ ያጣል። አንድ ንባብ፣ ማለትም ቅጂዎች በሚለያዩበት ቦታ ላይ አንዱ የአጻጻፍ አማራጭ፣ በአምስት ቅጂ ስለተገኘ ብቻ ልክ ነው አይባልም። አምስቱም ከአንድ እናት ቅጂ የወጡ ከሆነ የሚቆጠሩት እንደ አንድ ምስክር ነው። ብቻውን የቆመው ስድስተኛው ቅጂ ከአምስቱ ሊበልጥ ይችላል። ለወንድምዎ ልጅ ይህን ቢነግሩት ደስ ይለኛል። በእሱ ትምህርት ብዙኃኑ ያሸንፋል፤ በእሷ ትምህርት ብዙኃኑ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል።

ልጅዎ ፊደል ስትለቅም የምትውለው ለዚህ ነው። ከዚያ በላይ የእያንዳንዱን ቅጂ ዕድሜ መገመት አለባት። የፊደል አጣጣል በየዘመኑ ይለያያል። አንዳንዱ ብራና መጨረሻው ላይ ያስጻፈውን ሰው፣ የዘመኑን ንጉሥና ጳጳስ ስም ይናገራል፤ አንዳንዱ ምንም አይናገርም። ያን ጊዜ ከአጻጻፉ፣ ከዓምዱ፣ ከቀለሙ፣ ከአጠራረዙ መነሣት ነው። አማካሪዋ «ስንት ሰው ጠየቅሽ?» አይሏትም። የሚሏት «ስንት ቅጂ አየሽ? መኖሩን እያወቅሽ ያላየሽው አለ ወይ? ይህን ንባብ ከዚያ ለምን አስበለጥሽ?» ነው። እያንዳንዱ ምርጫዋ፣ ከተወችው ንባብ ጋር፣ ከገጹ ግርጌ ይጻፋል። ያልተስማማ ሰው እዚያው አይቶ ሊሞግታት ይችላል። ምርምር የሚያሰኘው ይኸው ነው፤ ሌላ ሰው መንገዱን ተከትሎ ሄዶ ልክ ነሽ ወይም ተሳስተሻል ሊላት ይችላል።

እሷ እዚህ የደረሰችው ደግሞ ሌሎች ከፊቷ መንገድ ስለጠረጉ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአገራችን የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተካሂዶ ከ9 ሺህ የማያንሱ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ፊልሙ ከተነሣ በኋላ እያንዳንዱን አንብቦ «ይህ ውስጥ ምን አለ?» የሚለውን መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ከካታሎጉ ጥራዞች የአብዛኞቹን ሥራ የተሸከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ፤ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት አግኝተዋል። ካታሎግ ማዘጋጀት ለሩቅ ሰው የመዝገብ ቤት ሥራ ይመስላል። አንድም ቃለ መጠይቅ የለበትም፣ መላምትም የለውም። ግን ያለ እሱ ልጅዎ የያዘችው ገድል ስንት ቅጂ እንዳለው እንኳ ልታውቅ አትችልም ነበር።

ወደ ሌሎቹ ልሂድ። ለመራመድ ያህል፣ ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ እንውረድ።

ከግቢው ሳንወጣ ሕግ ትምህርት ቤት አለ። የሕግ ተመራማሪ ማስረጃው ሕጉና ፍርዱ ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ አንቀጽ ያነሣል፣ ፍርድ ቤቶች እንዴት እንደተረጎሙት ይከታተላል። አዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ካደረገ ወዲህ ለተመራማሪው ትልቅ ሥራ ተከፍቶለታል። የሰበር ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ይወጣሉ። በተመሳሳይ ጉዳይ ላይ ሁለት ውሳኔዎች ሲጋጩ ካገኘ፣ ግጭቱን አውጥቶ የትኛው ከሕጉ ዓላማ ጋር እንደሚስማማ መሟገት ሙሉ ጥናት ይሆነዋል። አንዲት ውሳኔ ብቻ የሺህ ሰው ቤት ወይም ውርስ ልትወስን ስለምትችል፣ እዚህ «ናሙናህ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ትርጉም የለውም። አንዳንድ የሕግ ተማሪ ግን ጠበቆችን «ሰበር ችሎቱ ጥሩ ይሠራል ብለው ያስባሉ?» ብሎ ጠይቆ ይመለሳል። ፍርዱ ታትሞ እያለ ስለ ፍርዱ የሰው አስተያየት ማሳደድ ያሳዝነኛል።

መጠይቅን እያጣጣልኩ እንዳይመስልብኝ። መጠይቅ በቦታው ሲውል እንዴት ያለ መሣሪያ እንደሆነ የሚያሳዩ ሁለት ሥራዎች እዚሁ ከተማ ካሉ ክፍሎች ወጥተዋል። አንደኛው የኢኮኖሚክስ ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር የሠራው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. 1989 ነው። ከ1994 ጀምሮ በ15 መንደሮች ወደ 1,470 የሚጠጉ ቤተሰቦች ተመዘገቡ። ከዚያ እስከ 2009 ድረስ ተመራማሪዎቹ እየተመላለሱ እነዚያኑ ቤተሰቦች ጠየቁ። ምን ዘራችሁ? በሬው ምን ሆነ? ማን አገባ? ማን ሞተ? ጉልበቱ መመላለሱ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቀ ሰው ማን ድሃ እንደሆነ ያውቃል። ደጋግሞ የተመለሰ ሰው ድርቅ ከመታው በኋላ ማን እንዳገገመና ማን እንደቀረ ያውቃል።

ሁለተኛው የሕክምናው ነው። ጥቁር አንበሳ ያለው የሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1986 ከአንድ የስዊድን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትገኘው ቡታጅራ ዙሪያ የሕዝብ ጤና መከታተያ አቋቋመ። ልደት፣ ሞት፣ መፍለስ፣ ሁሉም በየቀበሌው ይመዘገባል። በኋላ በዚያው አካባቢ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ሲጠና ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ተጠየቀ። ለምን ያን ያህል? ሆስፒታል የመጣውን ብቻ የሚቆጥር ሐኪም በየጓዳው ያለውን፣ ጠበል የሄደውን፣ ጭራሽ ሕክምና ያላየውን ሰው አያገኝም። ብርቅ የሆነ ሕመም ደግሞ በጥቂት መቶ ሰው መካከል ላይገኝ ይችላል። ጥያቄው ስፋት ይፈልጋል፣ ስለዚህ መጠይቁ ሰፋ። እዚያው ጥቁር አንበሳ ውስጥ ሌላ ሐኪም አንድ ያልተለመደ በሽታ የያዘውን አንድ ታማሚ በዝርዝር ጽፎ ያሳትማል። እሱም ጥናት ነው።

የወንድምዎ ልጅ ስለ ናሙና ሲያወራ ምናልባት የያማኔን ቀመር ጠቅሶ ይሆናል። በማኔጅመንትና በማርኬቲንግ መመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ እንደ ጸሎት የሚደገም ነገር ነው። ቀመሩ ቀላል ነው። የሰዉን ብዛት ያስገባሉ፣ የሚታገሡትን የስሕተት መጠን ያስገባሉ፣ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ። 400 ሠራተኛ ካለ 200 ጠይቅ ይላል። 10 ሺህ ካለ 385። ሚሊዮን ቢሆንም ከ400 አያሳልፍም። ሒሳቡ ልክ ነው። ግን የሚናገረው ስንት ሰው እንደሚጠየቅ ብቻ ነው፤ ያውም ሰዎቹ በዕጣ ከተመረጡ። በምሳ ሰዓት ለጓደኛና ለጓደኛ ጓደኛ የተበተነ 385 ወረቀት ማንንም አይወክልም። «የቅርብ አለቃዬ አመራር አጥጋቢ ነው» የሚለውን ወረቀት የሚያድለው ያው አለቃ ከሆነ ደግሞ መልሱን ሳንጠይቅ እናውቀዋለን። ሁሉም «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት አድርጎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከዚያ ቁጥሩ ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ይገባል፣ ሠንጠረዡ ያምራል፣ አማካዩ ከ5 4.2 ይላል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በየግቢው አካባቢ የስልክ እንጨት ላይ «ፕሮፖዛልና መመረቂያ ጽሑፍ እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አይተው ይሆናል። ይህ ንግድ የደራው ሁሉም ጥናት አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው ስላደረግነው ይመስለኛል። ርዕሱንና የድርጅቱን ስም ብቻ እየቀየሩ መሸጥ ተቻለ። ስድስት ቅጂ አስተያይቶ ግርጌ ማስታወሻ የሞላ ጽሑፍ ግን ማን ሠርቶ ይሸጣል? አያዋጣውም።

አምስት ኪሎ ስንደርስ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ድንቅነሽን ሁሉም ያውቃታል፤ እኔ የማነሣው ሌላዋን ጥንታዊት ሰው መሰል ፍጥረት፣ አርዲን ነው። 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው የአርዲ አጥንት መሬት ውስጥ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ቁርጥራጮች አንዱን ያገኘው ያን ጊዜ ተማሪ የነበረው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ነው። ዝርዝር ጥናቱ የታተመው በ2009 ነው። አሥራ አምስት ዓመት። አጥንቱ ሲነኩት የሚፈራርስ ነበር። ማጠንከር፣ ማጽዳት፣ የተሰባበረውን መገጣጠም፣ አብሮ የወጣውን እንስሳና ዕፀዋት ማጥናት ያን ያህል ዕድሜ ፈጀ። ታዲያ ናሙናው ስንት ነው? በዋናነት አንዲት ፍጥረት። ሦስት ወርም ምርምር ነው፣ አሥራ አምስት ዓመትም ምርምር ነው።

አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂና ልደታ ሕንፃ ኮሌጅ ያሉትን መሐንዲሶች በአጭሩ ልለፋቸው። እነሱ ነገሩን ሠርተው ይሰብሩታል። ከሲሚንቶው ጥቂቱን በእሳተ ገሞራ አመድ ቢተኩት ኮንክሪቱ ይችላል ወይ? ቢሎኬት መሳይ ኩብ ይሠራሉ፣ ውኃ ውስጥ ያኖራሉ፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን መጭመቂያ ማሽን ሥር አስገብተው እስኪሰበር ይጫኑታል። ሃያ ስምንቱን ቀን ማሳጠር አይቻልም።

አራት ኪሎ የሳይንሱ ግቢ ነው። ሰው ሳይንስ ሲባል ነጭ ጋዋንና ጠርሙስ ብቻ ነው የሚታየው። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን ብሔራዊ የዕፀዋት ማከማቻው አለ። ሥራው ደርቆ የተጫነ ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ወረቀት ላይ ለጥፎ፣ የት እንደተለቀመ ጽፎ ማስቀመጥና ማወዳደር ነው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት በሙሉ የመዘገበው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ነው የተጠናቀቀው። ወደ 6 ሺህ የሚደርሱ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል። ሙከራ የለውም። ጥያቄው «አገራችን ውስጥ ምን ይበቅላል?» ነው፣ የሚመለሰውም አንድ በአንድ በመለየት ነው። ከልጅዎ ሥራ ጋር ዝምድናው ይታይዎት እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ወንድማማቾች ናቸው። ቅጂ ከቅጂ፣ ቅጠል ከቅጠል።

ከዚያው ግቢ የምድር መንቀጥቀጥን የሚከታተለው የጂኦፊዚክስ ክፍል አለ። መነሻው በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሲሆን የመሠረቱት አባ ፒየር ጉዋን የሚባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ቄስ ናቸው። ምድርን «እስቲ ተንቀጥቀጪ» ብሎ መሞከር ስለማይቻል መሣሪያ ተክሎ መጠበቅ ነው ያለው። በ2005 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ በደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት መሬቱ በሳምንታት ውስጥ ሲላቀቅ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር፣ ለዓመታት ሲጠብቁ ለነበሩ ሰዎች ትልቅ ነገር ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ሲያንቀጠቅጥ እኛም ፎቅ ላይ ሆነን ቀምሰነዋል።

አባ ጉዋን መሣሪያ ከመተከሉ በፊት ስለነበረው መንቀጥቀጥስ ምን አደረጉ? ዜና መዋዕሎችን አነበቡ። የመንገደኞችን ጽሑፍ አገላበጡ። «በዚህ ንጉሥ ዘመን ምድር ተናወጠች» የሚለውን ሁሉ ለቅመው፣ መቼና የት እንደሆነ መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ አሳተሙ። የፊዚክስ ሰው አንድ ጥንታዊ መንቀጥቀጥ በየትኛው ዓመት እንደነበር የሚያውቀው የብራናውን ንባብ ካጠራው ሰው ነው። ገልባጩ የንጉሡን ስም ቢያሳስት የመንቀጥቀጡ ዓመትም አብሮ ይሳሳታል። የወንድምዎ ልጅ ቀጥሎ ሲመጣ ይቺን ይንገሩልኝ።

የሒሳብ ክፍሉም እዚያው ነው። ወረቀት፣ ሰሌዳ፣ ጠመኔ። አንድ ነገር እውነት መሆኑን ሚሊዮን ጊዜ ቢሞክሩላቸው አያምኑም፤ ማረጋገጫው ከአንድ እርምጃ ወደ ሌላው መፍሰስ አለበት። የስምንት ገጽ ጽሑፍ የዓመት ሥራ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሰው አምስት ምዕራፍ ሙላ ማለት ግፍ ነው።

የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ ደግሞ ሥዕሉን ይሰቅላል ወይም ይጫወታል፣ ከጎኑ ጽሑፍ ያቀርባል። ሥዕሉ ራሱ ምርምር ነው ወይ የሚለው ክርክር ዓለም ላይ ገና አላለቀም። እውነቱን ለመናገር እኔም ግማሽ ልቤ አልተቀበለውም። ጽሑፉ ሲጎተት ሥዕሉ ብቻውን ቢቆም ይሻል ነበር የምልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወደ ስድስት ኪሎ ልመለስና የመጨረሻ ምሳሌ ልስጥ፤ ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ የሚገናኝበት ስለሆነ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ሄደው የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ከወንዝ ይለቅሙ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። እዚያው አንዷን ሴት አረፋውን ሕይወት ያለው ቀንድ አውጣ ባለበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምርላቸው ጠየቋት። ሞቱ። መጀመሪያ ያዩት ነገር ማስተዋል ነበር፤ ሁለተኛው ሙከራ። ከዚያ ላቦራቶሪ መጣ፣ ከዚያ አድዋ ላይ ዓመታት የወሰደ የመስክ ጥናት፤ ሰውን መመርመር፣ ወንዙን መከታተል። እ.ኤ.አ. በ1966 ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ተቀበሉ። እዚያ መሐል የውጭ ተቋማት «የመርዛማነት ምርመራው በእኛ ደረጃ ካልተደገመ አንቀበልም» እያሉ ዓመታት አለፉ። መረጃ ካለ ሁሉም ያምናል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ ማኅበር የራሱ ደጃፍ አለው። አድዋ ላይ ያለች እናት ግን እንዶድ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ማንንም አልጠበቀችም።

አሁን ወደ ቤትዎ ጉዳይ። የወንድምዎ ልጅ «አያልፍም» ያለው እውነት የሚሆንበት አንድ መንገድ አለ። አንዳንድ ጊዜ ከክፍሉ ውጪ የሚመጣ ፈታኝ ወይም ቢሮ ለሁሉም አንድ ቅጽ ይዞ «ናሙናው የታል?» ሊል ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ልጅዎ የራሷን ክፍል መመሪያ በእጇ ትያዝ። በፊሎሎጂ ከዚህ በፊት ያለፉ ጽሑፎችንም ትመልከት፤ የዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፎች ኢንተርኔት ላይ ክፍት ናቸው። ዘዴ የሚለው ምዕራፏ ቅጂዎቹን እንዴት እንዳገኘች፣ በምን መስፈርት መሠረታዊውን እንደመረጠች፣ ንባቦችን እንዴት እንደመዘነች በግልጽ ከተናገረ የሚነካት የለም። «ዐውደ ንባባዊ ትንተና ተጠቅሜያለሁ» ብላ በአንድ መስመር ካለፈች ግን ፈታኙ ብቻ ሳይሆን እኔም አላሳልፋትም።

እርስዎ ማታ እራት ላይ ሊጠይቋት ከፈለጉ «መቼ ትጨርሻለሽ?» ባይሉ ይሻላል። «ስንት ቅጂ እንዳለ ታውቂያለሽ፣ ስንቱን አየሽ?» ይበሏት። «አንቺ ከመሥራትሽ በፊት ሰው የማያውቀው ምን ነበር?» ይበሏት። ይቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ለወንድምዎ ልጅም ትሠራለች። በሦስት ወር ስላለቀ ጥናቱ መጥፎ ነው አልልም፤ ሰዎቹን በዕጣ መርጦ፣ መጠይቁን መጀመሪያ በጥቂት ሰው ሞክሮ፣ ማን እንዳልመለሰ መዝግቦ ከሆነ ደህና ሥራ ነው። ካላደረገ የሠንጠረዡ ውበት አያድነውም።

ሌላ የሚያስፈልጋት ነገር የጉዞ ገንዘብና የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ደብር ወይም ገዳም ያለ ቅጂ ለማየት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ከሀገረ ስብከት እስከ አጥቢያው አስተዳዳሪ ድረስ። ደብዳቤው ቢኖርም ዕቃ ቤቱን የያዙት አባት ለመንገድ ወጥተው ሊሆን ይችላል፤ እስኪመለሱ መጠበቅ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድማ ብታስብበት ጥሩ ነው። እንደ ደብረ ዳሞ ያሉ፣ ጣና ላይም እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ አንዳንድ ገዳማት ሴት አያስገቡም። የምትፈልገው ቅጂ እንዲህ ያለ ቦታ ከሆነ ወይ ወንድ ባልደረባ ፎቶ ያነሣላት፣ ወይ ደግሞ ቅጂው ቀድሞ በማይክሮፊልም ተነሥቶ እንደሆነ ታጣራ። ሚኒሶታ ያለው የማይክሮፊልሙ ስብስብ በኢንተርኔት እየተጫነ ነው። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ወመዘክርም የራሳቸው የብራና ክምችት አላቸው። ቅጂው ለንደን ካሉት ወደ 350 ከሚሆኑ የመቅደላ ብራናዎች አንዱ ከሆነ ደግሞ፣ ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ተጭኖ እንደሆነ ከቤቷ ሆና ልታይ ትችላለች። ይህን ሁሉ ካጣራች በኋላ አሁንም የማታገኘው ቅጂ ቢኖር አትደብቀው። «ይህን ቅጂ አላየሁትም፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ብላ መግቢያው ላይ ትጻፍ።